የተረፈ ቀለም ቦይ ውስጥ አይደፋ
በዓል ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ቤቱን ቀለም ያስቀባል፤ የተረፈው ቀለምና ብሩሽ የታጠበበት ቲነር ግን ብዙ ጊዜ ደጃፍ ካለው ቦይ ይደፋል። ቦዩ የሚያመራው ወደ አቃቂ ወንዝና ገባሮቹ ነው፤ በዚያ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ ነው፤ ለዓመታት የተቀመጠ አሮጌ ቀለም ከዚህ ልክ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሚበቃንን ያህል ብቻ እንግዛ፤ የተረፈውን ለጎረቤት እንስጥ። የማይፈለገውን የውሃ ቀለም ከሰጋቱራ ጋር ለውሰን፣ አድርቀን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እናስረክብ። የዘይት ቀለምና ቲነር ግን ክዳናቸው ጠብቆ ተዘግቶ ከእሳትና ከልጆች ይራቁ፤ ባዶው ባልዲም የመጠጥ ውሃ አይያዝበት። ክፍለ ከተሞችም ለዘይት ቀለምና ለቲነር መረከቢያ ቦታ ሊያዘጋጁልን ይገባል።