«መቼ ነው የምትጨርሺው?»

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወራን። ዛሬ ደግሞ የራሴን ቤት ጉዳይ ላጫውታችሁ፤ ልጅ ባሕር ማዶ የላካችሁ ትረዱኛላችሁ።

የታናሽ እህቴ ልጅ ጀርመን ሀገር ለዶክትሬት ስትማር ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። «ዶክተር ልትሆን ነው» ሲባል የሰሙ ጎረቤቶች የጉልበታቸውን ሕመም እንድጠይቅላቸው ልከውኛል። ልጅቱ ግን የምታክመው መጽሐፍ ነው። ትምህርቷ ጥንታዊ ግሪክና ግዕዝ ሲሆን ሥራዋን የምትሠራው በኮምፒውተር ነው።

ከግሪክ ወደ ግዕዝ ከተተረጎሙት የጥንት መጻሕፍት አንዱ «ፊሳልጎስ» ይባላል፤ ስለ እንስሳት ይተርካል። እሷ የብራና ቅጂዎችን ፎቶ ከፍታ ቃል በቃል ትገለብጣለች፤ በየስሙና በየቦታው ላይ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ምልክት ታኖራለች፤ ከዚያ ከግሪኩ ጋር ታስተያያለች። ለብቻዋም አይደለችም፤ ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» የሚባል ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች በዚሁ መንገድ ይመዘግባል።

«አክስቴ፣ ትልቁ ጣጣ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ» አለችኝ አንድ ቀን። ጸሐፊዎቹ አንዱን ቃል አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይጽፉታል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር አገኘ። ስለዚህ በንጉሡ ሠ የተጻፈውን በእሳቱ ሰ ብትፈልጊው ኮምፒውተሩ «የለም» ይላል። ሰው ቀድሞ አንድ መሆናቸውን ሊያስተምረው ይገባል።

እኔ ይኼን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ቀዘቀዝኩ። በሠራሁበት ጤና ጣቢያ አንዲት ፀሐይ የምትባል እናት የካርድ ቁጥሯ ጠፍቶባት መጣች። የካርድ ክፍሉ ልጅ በፀሐዩ ፀ ፈልጎ አጣትና አዲስ ካርድ አወጣላት። አሮጌው ካርድ በጸሎቱ ጸ ተመዝግቦ ነበር፤ ላዩ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚል በቀይ ተጽፎበታል። መርፌውን ይዤ «ከዚህ በፊት ወስደሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ባልጠይቃት ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እግዜር ይወቀው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የፊደል ጉዳይ የቄስ ትምህርት ቤት ጨዋታ ነው የሚለኝን ሰው አልሰማም።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። እኔም እናቷም እሑድ እሑድ ስንደውል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «መቼ ነው የምትጨርሺው?» ነበር። ቸኩለን አይደለም፤ ሌላ የምንጠይቀው ስላልነበረን ነው። በኅዳር ወር በቪዲዮ ሳያት ጉንጯ ጎድጉዷል። በዚያ ሀገር በክረምት አሥር ሰዓት ገደማ ላይ ይመሻል። ከጠዋት እስከ ማታ ስክሪን ላይ ታፈጣለች፤ ዓይኗ ይቆጠቁጣታል፤ እንቅልፍ የለም፤ ምግብ አይበላላትም። «ይህን ሁሉ ለፍቼ የሚያነበው አምስት ሰው ቢሆን ነው። ትቼው ልምጣ?» ብላ አለቀሰች።

ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ይህን ምልክት በሌላ ሰው ልጅ ላይ ባየው በአንድ ጊዜ አውቀው ነበር። በራሴ ልጅ ላይ ግን «ጎበዝ፣ በርቺ» እያልኩ አለፍኩት። በርቺ መባል ለደከመው ሰው ሌላ ሸክም ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላትና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ባለሙያ ማየት ግድ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ ለተማሪዎች የምክር አገልግሎት አለው፤ ሄደች። ለዓይኗም በየ20 ደቂቃው ቀና ብላ ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ እንድታይ ነገርኳት። ይኼኛው ቀላሉ ነው።

የከበደኝ እህቴን ማሳመን ነበር። «ታዲያ ምን ልበላት?» አለችኝ ተቆጥታ። «ምን እንዳነበበች ጠይቂያት» አልኳት። በመጀመሪያው እሑድ አፏ ተሳስሮ እንደ እንግዳ «ዛሬ ምን አነበብሽ?» አለቻት። ልጅቱ ዝም አለች፤ ቀጥላ ስለ አንበሳው መተረክ ጀመረች። እናቲቱ አንበሳ የሞተ ግልገል ትወልድና ሦስት ቀን ስትጠብቀው ትቆያለች፤ በሦስተኛው ቀን አባቱ መጥቶ ፊቱ ላይ እፍ ይልበታል። መስመሩ እዚያ ላይ ተቋረጠ፤ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ።

ትምህርቱን ትጨርስ ወይም ትተው ገና አልወሰነችም። እስከ ሰኔ ልየው ብላለች፤ እኛም አንጠይቅም። እህቴ ግን ያን ሳምንት ረቡዕ ላይ ቤቴ ድረስ መጥታ ቡናው ሳይፈላ «እንዴ፣ ግልገሉ ተነሣ ወይስ አልተነሣም?» አለችኝ።