ሁሉም አፍንጫ «ሳይነስ» አይደለም!

ኧረ ጎበዝ! እዚህ አዲስ አበባ ሳይነስ የሌለበት ሰው ማን ነው? የታክሲ መስኮት ሲከፈት «ኧረ ዝጉት፣ ሳይነስ አለብኝ!» የሚል አይጠፋም። ራስ ምታቱም ሳይነስ፣ ጉንፋኑም ሳይነስ። ይሁን፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ቢሳሳትም ሰው አይሞትበትም።

የእኔ ጠብ ከሌላ ነገር ጋር ነው። አንድ ወገን አፍንጫው ብቻ ለሳምንታት ተደፍኖ የቀረ፣ ከዚያው ወገን እየቆየ ደም የሚፈሰው፣ ማሽተት ያቃተው ሰው «ሳይነስ ነው» ተብሎ ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ይሄ ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም። አንድ ወገን ብቻ ሲሆን የጥርስ ሥር መዘዝ ሊሆን ይችላል፣ ተራ የበቀለ ሥጋ ሊሆን ይችላል፣ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ውስጡ ሳይታይ አይታወቅም።

ኤስቴዚዮኒውሮብላስቶማ የሚባለውን ውሰዱ። በ1924 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ነው መጀመሪያ የተገለጸው። የሚነሳው ከአፍንጫ ጣሪያ፣ ሽታ ከምንለይበት ቦታ ነው። ከጣሪያው በላይ አንጎል አለ፤ የሚለያቸው ወንፊት የመሰለ ስስ አጥንት ብቻ ነው። አፍንጫ ውስጥ ሳለ የተገኘና ያንን ወንፊት ያለፈ ዕጢ ሕክምናቸውም ተስፋቸውም ለየቅል ነው።

«ብርቅ በሽታ ነው፣ ማን ያሳድደዋል?» ትሉኛላችሁ። ማንም ብርቁን ያሳድድ አላልኩም። አንድ ወገን የተደፈነና የሚደማ አፍንጫ በኢንዶስኮፕ ይታይ ነው ያልኩት። የሚያጠራጥር ነገር ከታየ አስቀድሞ ሲቲ ስካን ለአጥንቱ፣ ኤምአርአይ ለአንጎሉ ወገን፤ ከዚያ ናሙና። ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም፦ በወጣት ወንዶች ላይ የሚወጣ አንጂዮፋይብሮማ የሚባል ዕጢ አለ፣ ካንሰር ባይሆንም በችኮላ ከተቆረጠ ደሙ አይቆምም። ኤስቴዚዮኒውሮብላስቶማ ከሆነ ደግሞ ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ ጊዜም ጨረር ይከተላል፤ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ረጅም ነው። ጨረር በአገራችን ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ለወረፋ ሕክምና የሚሄድ ሰው በግምት የሚያባክነው ወር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሃይ ዊከም በተባለች የቤት ዕቃ መሥሪያ ከተማ፣ አናጺዎች ላይ ብርቅ የተባለ የአፍንጫ ካንሰር ተደጋግሞ ታየ። ተጠያቂው የእንጨት ብናኝ ነበር። እኛ ሰፈር ልጆች አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ቀኑን ሙሉ ሰጋቱራ ውስጥ እንጨት ይልጋሉ። ማስክ ስጡ ሲባል አሠሪው ይስቃል።

ስለዚህ ወዳጄ፣ አንዱ አፍንጫህ ብቻ ካስቸገረህ የሚቀጥለውን ኪኒን ከመዋጥህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «ዶክተር፣ ውስጡን አይተውታል?»