«የት ነው?» ከማለታችን በፊት «የማን ነው?» እንበል



ዛሬ ስለ ፊልም እናወራለን። በዒድ ከሰዓት ምሳ ተበልቶ፣ ቡና ቀርቦ፣ ትልቅ ትንሹ አንድ ክፍል ሲሰበሰብ በዲሹ ምን ይከፈታል? በብዙ ቤት የተደበቀ ሀብት የሚፈለግበት የጀብዱ ፊልም ነው። ለምን እንደሚወደድ ይገባናል። አባት ሪሞት ይዞ አይሳቀቅም፤ እናት የልጆቿን ዓይን አትሸፍንም። ካርታ አለ፣ እንቆቅልሽ አለ፣ ዋሻ አለ፤ መጨረሻው ወርቅ ነው። ሥራ ላጣ ወጣት ደግሞ ድህነት በአንድ ቀን ሲያልቅ ማየት በራሱ ዕረፍት ነው።

ንጹሕ ነው ባልነው ፊልም ውስጥ ግን ሳናስተውለው የሚያልፈን ነውር አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ «ሀብቱ የት ነው?» እየተባለ ይፈለጋል። «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሀብቱ ካለበት አገር የተወለደው ሰው ወይ መንገድ መሪ ነው፣ ወይ ጀልባ ቀዛፊ፣ ወይ ጦር ይዞ የሚያሳድድ።

ኢንዲያና ጆንስን እንውሰድ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ሲጀምር ጀግናው ደቡብ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ከሰው መቅደስ የወርቅ ምስል አንስቶ ይሮጣል። ባለቤቶቹ ያሳድዱታል፤ እኛ ሶፋ ላይ ሆነን «አምልጥ! አምልጥ!» እንላለን። ሌባው ማን እንደሆነ ልጆቻችን ጠይቀውን ያውቃሉ?

የዚያ ፊልም ታሪክ የተቀመጠው በ1936 ነው፤ የሚፈለገውም የሙሴ ታቦት ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ታቦቱ አክሱም ከመግባቱ በፊት እዚሁ ጣና ቂርቆስ ደሴት ላይ 800 ዓመት ቆይቷል የሚል ትውፊት አላቸው። ፊልሙ ግን ፍለጋውን ግብፅ ላይ አድርጎ ያልፋል። 1936 ለኛ ምን ዓመት ነበር? የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት! በማግስቱ ዓመት የአክሱም ሐውልት ወደ ሮም ተጫነ፤ የተመለሰው በ2005 ነው።

«ተውት፣ ፊልም እኮ ነው» የሚለን አይጠፋም። እንግዲያው ፊልም ያልሆነውን እንይ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ዘምቶ ነበር። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። ከብራናዎቹ ብዙዎቹ አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር የሰበሰቧቸው ነበሩ። በ1932 ደግሞ የፈረንሳይ አጥኚዎች ጎንደር መጥተው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች ነቅለው ወሰዱ፤ በምትኩ ቅጂ ሰቀሉ። ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው።

«ባይወስዱት ይጠፋ ነበር» ይባላል። ጣራህ ያፈሳል ብሎ ዕቃህን ቤቱ የሚያስገባ ጎረቤት ግን ስሙ ሌላ ነው።

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። በ1969 ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ሊያቋርጥ «ራ» የተባለውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛው ጀልባ ባርቤዶስ ደረሰ፤ ዓለም አጨበጨበ። ከዚያው ደንገል ታንኳ እያሰሩ ስንት ትውልድ የኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ግን ማን አጨበጨበላቸው? አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ሆኖም «ጉማሬ ይበላሉ» ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጸየፋቸው ኖሯል። የራሳቸው ቋንቋ በወጉ ሳይጻፍ ጠፍቷል። እሱስ ሀብት አልነበረም? ባሕር ዳር ባደገች ቁጥርም የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲሆን እነሱ ከዳሩ ተገፍተዋል።

የሚገርመው፣ ይህን የመሰለ ታሪክ ፊልም ሆኖ ስናየው እናለቅሳለን። በ1985 የወጣው «ዘ ጉኒስ» ውስጥ ልጆቹ የባሕር ወንበዴ ወርቅ የሚፈልጉት ሰፈራቸው ለጎልፍ ሜዳ እንዳይፈርስ ነው። ለአሜሪካ ልጆች ሰፈር ያዘነ ልብ ለጣና ዳር ልጆች ሲሆን ለምን ይደርቃል?

እኛ እኮ የሀብት ታሪክ አላጣንም። በየጁምዓው በምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥ ነቢዩ ሙሳና ኸድር (ዐ.ሰ) ምግብ ወደነፈጋቸው ከተማ ይገባሉ። እዚያ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ ያገኛሉ፤ ኸድርም ያለ ክፍያ ያቃናዋል። ምክንያቱ በኋላ ይገለጣል፤ ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ተቀብሯል፤ አድገው ራሳቸው ሊያወጡት ነው። አስተውሉ! ሀብቱ ያለበትን ያወቀው ሰው አልቆፈረም። ግድግዳውን አቅንቶ መንገዱን ቀጠለ።

እናስ ምን እናድርግ? ፊልሙን ከታናናሾቻችሁ ጋር ስታዩ መሐል ላይ «ይሄ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የአያታችሁን ኪታብ ለቅርስ ደላላ አትሽጡ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ኪስ ውስጥ ማስገባት ጀብዱ አይደለም። ደንገል ማሰር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዘንድ ሂዱ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ቅዱ፤ ቅጂውንም መጀመሪያ ለልጆቻቸው ስጡ። ከሁሉም በፊት ግን፣ ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ የቆማችሁትን ሰው ማዕድ ላይ አትሽሹት።