የእርሻ ቀን ሥራ ፈላጊው የበረከተው ለምንድን ነው?

የክረምቱ ዝናብ መጣል ሲጀምር ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ቆላ ለቀን ሥራ መውረድ የቆየ ልማድ ነው። ገበሬው የራሱን ማሳ ዘርቶ፣ በሰሊጥ አረምና አጨዳ ጥቂት ብር ይዞ ለመመለስ የሚያደርገውን ይህን ጉዞ አባቶችም ያውቁት ነበር። በቅርብ ዓመታት አዲስ የሆነው የተጓዡ መብዛትና የዓይነቱ መለወጥ ነው። ዛሬ በአንድ የጭነት መኪና ላይ የራሱን ጤፍ ለሚስቱ ትቶ የወጣው ገበሬ፣ ምንም ማሳ የሌለው የገበሬ ልጅ፣ ከፋብሪካ የተቀነሰ ሠራተኛ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰና ከቀየው የተፈናቀለ ሰው አብረው ይጓዛሉ።

ስለዚህ ጉዳይ በየቀበሌው ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው «የሰሊጥ ሥራ ገንዘብ ስለሚያስገኝ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ወጣቱ ብር ለምዶ የአባቱን እርሻ ስለናቀ ነው» ይላል። ሁለቱም ነገሩን ከጫፉ እንጂ ከሥሩ አይዙትም። ወጣቱ የሚወርደው የቀን ሥራው ስለደለበ ሳይሆን የቀሩት በሮች ስለጠበቡ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ለገበሬ ማኅበራትና ለቀበሌ መሪዎች ታላቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ፍልሰቱን በክልከላ ማስቆም ባይቻልም ጉዳቱን መቀነስ ግን በእጃቸው ነው።

መሬቱ ያው፣ እጁ ብዙ

እንደሚታወቀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ አንድ ቤተ ሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። የገበሬ ማኅበራትም በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋሙ አድርጓል። ከዚህም ሌላ ይኸው አዋጅ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ከልክሎ ነበር፤ ከክልከላው ነጻ የሆኑት መተዳደሪያ የሌላቸው ሴቶች፣ አቅመ ደካሞች፣ ሕመምተኞችና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ብቻ ነበሩ። ክልከላው የላላው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቀን ሥራ መቅጠርም ሆነ መቀጠር የአደባባይ ነገር ሆኗል።

በዚህ መካከል የሕዝቡ ቁጥር እጅግ አደገ። በ1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ ወደ 42 ሚሊዮን ሕዝብ ሲያሳይ፣ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ያለ ኤርትራ ወደ 74 ሚሊዮን አድርሶታል። የዛሬው ግምት ደግሞ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለአርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘት መብት ቢሰጥም፣ የሚታደለው መሬት ግን ከሕዝቡ ጋር አብሮ አላደገም። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ የልጆች አባት ሊሆን ይችላል፤ በስሙ የተመዘገበ ማሳ ግን ላይኖረው ይችላል። በአገሪቱ ካሉት ገበሬዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የያዙት ከአንድ ሄክታር በታች ሲሆን፣ ይህን ለአራትና ለአምስት ልጆች ማካፈል ለአንዳቸውም አለመስጠት ማለት ነው።

መሬት ያላገኘ ወጣት የሚቀሩት መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንዱ የአቅመ ደካማ ወይም የባል አልባ ሴት መሬት በእኩል ማረስ ነው። ለዚህም በሬ፣ ዘርና ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ማዳበሪያ፣ ነዳጅና ፀረ አረም መድኃኒት ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ይህ ለውጥ እስከ ማሳው ድረስ ይሰማል። ስለዚህ በሬና ጥሪት የሌለው ሰው ወደ ገበያ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል፤ እርሱም ጉልበቱ ነው።

ሌሎቹ በሮች ሲጠብቡ

ቀድሞ የመሬት ጥበት የሚያስተነፍስባቸው መውጫዎች ነበሩት። አንዱ ሱዳን ነው። ከገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች ሠርተው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. በአል ፋሽቃ የድንበር ውዝግብ ሲነሣ በዚያ ያርሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ከማሳቸው ተነሥተዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ በመተማ በኩል የሰው ጉዞ ወደ ወዲህ ተገለበጠ።

ሁለተኛው መውጫ የዓረብ አገር ሥራ ነበር። ከመጋቢት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ 100 ሺህ ሰዎችን ለመመለስ በተደረገው ስምምነት መሠረት በየሳምንቱ ተመላሾች በአውሮፕላን ሲገቡ ቆይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ሲሆኑ፣ ለጉዞው የተበደሩትን እንኳ ሳይከፍሉ የተመለሱ ይገኙባቸዋል።

ሦስተኛው ፋብሪካ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከገጠር ለሚመጡ ወጣት ሴቶች ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ስታግድ፣ በየፓርኩ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ተጨመረ። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በሰሜን የተካሄደው ጦርነት የእርሻ በሬን፣ ዘርንና ቤትን አጥፍቷል። ለሥራ ቆላ የወረዱ ሰዎችም በዚያው ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትና ከወለጋ የተደረገው መፈናቀል ማሳ የነበረውን ገበሬ ጭምር የቀን ሥራ ፈላጊ አድርጎታል። እንግዲህ ሥራ ፈላጊው በድንገት የበረከተ የሚመስለው በየአቅጣጫው ይፈስ የነበረው ጉልበት ወደ አንድ ቦይ ስለገባ ነው።

ሥራው የት አለ?

የሰው ጉልበት ሲበዛ የሥራው ቦታ ግን በዚያው መጠን አልሰፋም። በአርሲና በባሌ የስንዴውን አጨዳ በአመዛኙ ኮምባይነር ወስዶታል። በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ፀረ አረም የብዙ አራሚዎችን ቀን ተክቷል። የሰው እጅ በብዛት የሚፈለገው መኪና በማይደርስባቸው ሰብሎች ላይ ነው። ከእነዚህም ዋናው ሰሊጥ ሲሆን፣ ፍሬው ሲደርስ ክፈፉ ስለሚከፈትና ስለሚራገፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮና በሂላ ቆሞ መድረቅ አለበት። ባለ እርሻው በእነዚያ ቀናት ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ቀኑ ሲያልፍ ማንንም አይፈልግም።

የሥራውን ወቅት ጎን ለጎን ማየት ለመሪዎች ይጠቅማል። የሰሊጥ አረም በሐምሌና በነሐሴ ስለሚውል ከደጋው የጤፍ አረም ጋር ይጋጫል። ስለሆነም በነሐሴ የሚወርድ ገበሬ የራሱን ማሳ ለአረም ትቶ የሌላውን ያርማል። የሰሊጥ አጨዳ ግን በመስከረምና በጥቅምት ስለሚሆን ከጤፍ አጨዳ ይቀድማል፤ በዚህ ጊዜ የሄደ ሰው ለኅዳሩ አጨዳ ሊደርስ ይችላል። የቡና ለቀማ በጅማና በሲዳማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይውላል። የጥጥ ለቀማውም በበጋው ወራት ይከተላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው የመስኖ ስንዴ ደግሞ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ ማለትም ደጋው ሥራ በሚፈታበት ወቅት፣ ሰው ይፈልጋል። 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያለማ በተሠራው የቆጋ መስኖ ያሉ ገበሬዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል።

የሚነገረውና የሚደርሰው

ደላላው በመናኸሪያ የሚጠራው የቀን ክፍያ ለጆሮ የሚጥም ነው። ነገር ግን ለስሌት ያህል አንድ ወጣት ለ45 ቀን ወጣ እንበል። 4 ቀን በመንገድ፣ 5 ቀን ቀጣሪ በመጠበቅ፣ 6 ቀን በዝናብና በበዓል፣ 4 ቀን በሕመም ቢያልፍበት፣ የሚከፈልበት 26 ቀን ብቻ ይሆናል። የተነገረው ክፍያ በቀን 500 ብር ቢሆን ጠቅላላው 13 ሺህ ብር ነው። ይህ ለ45ቱ ቀን ሲካፈል በቀን 289 ብር ያህል ይደርሰዋል። ከዚህም ላይ የመኪና፣ የምግብ፣ የመድኃኒትና የደላላ ሒሳብ ይቀነሳል። በቁርጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የማሳው ስፋት ወይም የሂላው ቁጥር በቀጣሪው ልክ ብቻ ሲቆጠር ሠራተኛው የሚያመለክትበት ቦታ አይኖረውም።

ሕጉ ግን ዝም አላለም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራም ይወስናል። ችግሩ ብዙው ሠራተኛ ይህን አለማወቁ ነው። ቢያውቅም ብቻውን ስለሚቆም አቅም ያጣል።

ከብሩ ጋር የሚመጣው

የቆላው ወባ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። ከወባ ይልቅ ሳይታወቅ የሚገድለው ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት ስትሆን፣ በተሰነጣጠቀ የዋልካ አፈር፣ በኩይሳና በግራር ሥር ትኖራለች። በሌሊት ሜዳ ላይ የሚተኛውን ሠራተኛም ትነክሳለች። ሕመሙ ሠራተኛው ቤቱ ከተመለሰ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ መክሳትና የሆድ በግራ በኩል ማበጥ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የተነሣው ወረርሽኝ ብዙ ሰው የጨረሰ ሲሆን፣ በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ከመተማና ከሑመራ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆን እንዳልቀረ ባለሙያዎች ገምተዋል። ስለዚህ የአንድ ወጣት ጉዞ የመላው ቀበሌ ጉዳይ ነው።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

በመጀመሪያ ደረጃ የሚሄደውን ሰው መመዝገብ ያስፈልጋል። ስሙ፣ ዕድሜው፣ የሚሄድበት ቦታ፣ የደላላው ወይም የባለ እርሻው ስልክና የመመለሻው ወር በአንድ መዝገብ ላይ ቢሰፍር ለቀበሌው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰው ጠፍቶ ሲቀር ወይም ደመወዝ ሲከለከል ግን ይህ ገጽ ማስረጃ ይሆናል። ከ15 ዓመት በታች ያለው ልጅ በዚሁ ጊዜ ተለይቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። የመንገዱን ጸጥታ ሳያጣሩ ሰው መስደድም አይገባም።

ሁለተኛ፣ ተጓዦች ከአሥር እስከ ሃያ ሆነው በቡድን ቢወጡና ከመካከላቸው ማንበብና መጻፍ የሚችል አለቃ ቢመርጡ፣ ውሉንም፣ የቀን ቆጠራውንም፣ የሂላ ቆጠራውንም በጋራ መያዝ ይችላሉ። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ ከባለ እርሻው ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ ቢዋዋል ደላላው የሚወስደው ለሠራተኛው ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ማንም ሰው ያለ አጎበር እንዳይወርድ፣ ሲመለስም ትኩሳት ካለው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር መነጋገር ይገባል። በሽተኛው «ከቆላ ነው የመጣሁት» ብሎ ለሐኪሙ መንገሩ ብቻ ምርመራውን ያፋጥናል።

አራተኛና ዋናው፣ ሥራውን ወደ ቀየው ማምጣት ነው። ነሐሴ ላይ ወንፈልና ደቦ በደንብ ቢደራጁ የሄደው ሰው ማሳ ሳይታረም አይቀርም። በተፋሰስ ሥራ ያገገመ የወል ተራራ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ለንብ፣ ለሣርና ለፍራፍሬ ሊሰጥ ይችላል፤ በትግራይ ይህ ተሞክሮ ታይቷል። አንዲት ምንጭ ወይም ትንሽ ወንዝ ተጠልፋ በበጋ ሽንኩርት ወይም ስንዴ ካበቀለች፣ ወደ ቆላ የሚወርዱት እጆች የተወሰኑት እዚያው ሥራ ያገኛሉ።

በአጠቃላይ የእርሻ ቀን ሥራ ነውር አይደለም፤ የአገሪቱ ሰሊጥና ቡና ወደ ውጭ የሚወጣው በእነዚሁ እጆች ነው። ነውሩ አንድ ገበሬ ልጁ ወዴት እንደሄደ፣ በምን ውል እንደሠራና ለምን ታሞ እንደተመለሰ ሳያውቅ መቅረቱ ነው። የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ማለትም ደላላው ወደ ቀበሌው ከመድረሱ አስቀድሞ፣ መዝገቡ መከፈት፣ ቡድኑ መመረጥና አጎበሩ መገኘት ይኖርበታል።