«አትነሣም» ስለሚለው ሰው

በመኝታ ቤቶቻችን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየተገለበጡ የሚታዩትን የጠፈር ጦርነት ፊልሞች ያየ ተማሪ ሁሉ አንድን ሰው ሳያስተውል አልቀረም። ከላይ አዛዡ ትእዛዝ ይሰጣል፤ አብራሪው ይፎክራል። ከታች ግን፣ የጠፈር አይሮፕላኖቹ በሚያድሩበት አዳራሽ፣ ቱታ የለበሰ፣ እጁ በግራሶ የጠቈረ፣ ፊቱ የማይፈታ አንድ ዋና መካኒክ አለ። «ባትልስታር ጋላክቲካ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ብዙዎቹ በስሙ አይጠሩትም፤ «ቺፍ» ብቻ ይሉታል፣ አለቃ ማለት ነው። ተማሪው አብራሪውን ያደንቃል፤ በመካኒኩ ቍጣ ይስቃል።

የምንጽፈው ግን ስለ ፊልም አይደለም። ሰሞኑን ከተግባር ልምምድ የተመለሱ አንዳንድ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የአቤቱታ ወረቀት እያዞሩ ፊርማ ይሰበስባሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ተለማማጆቹ በተመደቡበት አንድ የጥገና ክፍል (ስሙን አናነሣም) ካቦው አንዲት ባለ 13 ቁልፍ ከሣጥኑ ስለ ጐደለች ፈረቃውን በሙሉ እስከ ምሽት አቈይቶ አስፈልጓል። ሌላ ቀን ደግሞ ብሎኑን ሳያጠብቅ «ጠብቋል» ብሎ የጻፈውን ተማሪ ለአንድ ሳምንት ዕቃ እንዲያጥብ አድርጎ ውጤቱንም ቀንሶበታል። አቤቱታው ካቦዎች ተማሪን የመመዘን ሥልጣናቸው ይነሣ፣ ውጤት የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲው መምህር ብቻ ይሁን ይላል። እኛ የሐይቅና የአምባሰል ተወላጅ የሆንን ተማሪዎች በዚህ ወረቀት ላይ አንፈርምም። ለምን እንደማንፈርም ደግሞ መግለጽ ይገባናል።

ለመሆኑ ያ የፊልሙ መካኒክ በእውነተኛው ዓለም አለን? የጠፈር ተዋጊዎችን የሚሸከም መርከብ እስከ ዛሬ አልተሠራም። አሜሪካኖች ከ2010 ጀምሮ የሚልኩት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ኤክስ-37ቢ የተባለው ሰው አልባ ወታደራዊ መንኰራኵር በሮኬት አናት ላይ ሆኖ ይወጣል እንጂ ከመርከብ አይነሣም። የጦር መርከብ መንኰራኵር ተሸክሞ ያውቃል ከተባለ በጁላይ 24 ቀን 1969 ሆርኔት የተባለችው የአይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከጨረቃ የተመለሱትን የአፖሎ 11 ሰዎችና መንኰራኵራቸውን ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ማንሣቷን መጥቀስ ይቻላል። ነገር ግን ለእኛ የቀረበ ምሳሌ እያለ ወደ ፓሲፊክ ምን ያስኬደናል?

«ከሐይቅ የመጣ ልጅ ከታንኳ በቀር ምን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። ይሁን። የእኛ ውሃ ጨው የለውም፤ ከዳር እስከ ዳሩም በዓይን ይታያል። ቢሆንም ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳና በወልድያ አድርጎ ሰሜኑን አቋርጦ አስመራ የሚገባው መንገድ በከተማችን መካከል ያልፋል፤ ከአስመራም ቍልቁል ምጽዋ ነበር። በዚያ ወደብ ደግሞ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የነበራት ጊዜ ነበር፤ ከባሕር ኃይሉም መርከቦች ትልቋ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር።

የዚህች መርከብ ታሪክ ከፊልሙ ጋር እጅግ ይቀራረባል። በመጀመሪያ ስሟ ኦርካ ነው። በዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ የመርከብ መሥሪያ ተሠርታ በ1944 የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቀለች። ሥራዋ በውሃ ላይ የሚያርፉ አይሮፕላኖችን መንከባከብ ነበር። በፊሊፒንስ ደሴቶች ዙሪያ ጦርነቱ ሲፋፋም አይሮፕላኖቹ መጥተው በአጠገቧ ያርፋሉ፤ እሷም ቤንዚን ትቀዳላቸዋለች፤ ጥይት ታጐርሳቸዋለች፤ የተሰበረውን ትጠግናለች፤ ሠራተኞቻቸውን ታበላለች፣ ታስተኛለች። ባጭሩ የምትንሳፈፍ ጋራዥ ነበረች ማለት ነው። በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ምጽዋ ገብታም የዕጩ መኰንኖችና የመርከበኞች ማሠልጠኛ ሆነች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል፣ ሞተሮቿ በናፍጣ የሚሠሩ፣ ሁለት መቅዘፊያ ዘንግ ያላት፣ በሰዓት 18 ኖት የምትጓዝ መርከብ ነበረች።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ለጦርነት ተብላ በጥድፊያ ከተሠራች 18 ዓመት ያለፋት መርከብ በእኛ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሌላ 29 ዓመት ኖራለች። በ1991 መንግሥቱ ሲወድቅ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች፤ በ1993ም ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይህ ሁሉ ሲደመር ዕድሜዋ 49 ዓመት ይሆናል፤ እስከ የመን የሄደችበት እንኳ 47ኛው ዓመቷ ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ በዓለም ካሉ ባሕሮች በሙቀትና በጨው ከሚታወቁት አንዱ ነው። ጨው ብረት ይበላል፤ የሞተር ክፍሉ ሙቀት ከውጭው ሙቀት ይብሳል። የዘይት ግፊት ሲወርድ፣ ፓምፕ ሲያንቋርር፣ ጋርኒሲዮን ሲላላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ከታች ያለው ሰው ነው። መርከብ ደግሞ የሞተር ክፍሉ አለቃ «ዝግጁ ነኝ» ብሎ ወደ ላይ ሳያስታውቅ ከወደብ አትነሣም፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አዛዡ ባለ ወርቅ ዘርፍ ቢሆንም ይጠብቃል።

በባሕር ኃይል በዓል ቀን ምጽዋ የወረዱት እንግዶች የሚያዩት ነጭ ልብስ የለበሱትን፣ በመርከቧ ወለል ላይ ተሰልፈው ሰላምታ የሚሰጡትን ነበር። ከወለሉ በታች ማን ወርዶ አየ? የባሕር ኃይሉን ምክትል አዛዥ የልዑል እስክንድር ደስታን ስም ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ከአንባቢዎቻችን መካከል የ«ኢትዮጵያ»ን አንድ ዋና መካኒክ በስም የሚጠራ ቢኖር ብዕራችንን እናስረክባለን። የአየር ኃይሉም ነገር እንዲሁ ነው። በ1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር በኤፍ-5 አይሮፕላን የተዋጉትን ጀግኖች እናከብራለን፤ ለምሳሌ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት የከፈሉትን መሥዋዕትነት የማያውቅ የለም። ሊታወቅም ይገባል። ነገር ግን በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ዕርዳታ ተቋርጦ መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ እነዚያን አይሮፕላኖች ሌሊት ሌሊት እየፈታ፣ ከወደቀው እየነቀለ ለቆመው እየገጠመ፣ በማለዳ «ይህች ትነሣለች፣ ያቺ አትነሣም» ያለው ማን ነበር?

«አትነሣም» ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚህ ነገር ላይ ትንሽ እንቈይ።

በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር በተነሣች በ73 ሰኮንድ ተበታትና ሰባት ሰዎች አለቁ። (መንኰራኵሮቹ የሲቪል መሥሪያ ቤት ንብረት ይሁኑ እንጂ ለጦሩም ያገለግሉ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት እህቷ ዲስከቨሪ ምስጢራዊ ወታደራዊ ጭነት ይዛ ወጥታለች።) የጥፋቱ መነሻ በጋራዥ «ኦሪንግ» የምንለው የጐማ ቀለበት ነው። በጎኗ ከተገጠሙት ትልልቅ ሮኬቶች በአንዱ መጋጠሚያ ላይ ያለው ቀለበት በብርድ ደርቆ እሳቱን ማገድ አቃተው። ይህ ደግሞ ያልታሰበ ነገር አልነበረም። ከመነሻው በፊት በነበረው ምሽት የሮኬቱ ሠሪ ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ ከ12 ዲግሪ በታች ከሆነ አትነሣ ብለው በስልክ ለሰዓታት ተከራክረዋል፤ በማግሥቱ ብርዱ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። በመጨረሻ ከኩባንያው ሹሞች አንዱ ሌላውን የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቅና የሥራ አስኪያጅ ባርኔጣህን ድፋ አለው። እሱም ደፋው።

በመነሻው ቦታ የኩባንያው ተወካይ የነበረው አላን ማክዶናልድ ግን የፈቃዱን ወረቀት አልፈርምም አለ። ወረቀቱ ከዩታ በፋክስ በሌላ ሰው ፊርማ መጣ። ማክዶናልድ በኋላ እውነቱን ለመርማሪዎቹ በመናገሩ ከቦታው ተገፋ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ጣልቃ ሲገባ ተመለሰና ያንኑ መጋጠሚያ እንደገና የሚሠራውን ቡድን መራ። በ2021 ዐረፈ። እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ያን ምሽት «አልፈርምም» ለማለት የበቃው ሰው ጠባዩ ከየት መጣ? በ«እሺ ጌታዬ» ያደገ ሰው በአንድ ሌሊት «እምቢ» ማለትን ይማራልን?

ፊርማ የተዋረደ ነገር ሆኖ ቈይቷል፤ ተማሪው የመገኛ መዝገብ ላይ ለጓደኛው ይፈርማል፣ ሹሙ ሳያነብ ይፈርማል። ከአምባሰል የመጣ ሰው ግን በዚህ ነገር ሊቀልድ አይገባውም። ውጫሌ የእኛ ናት። በ1889 በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ስለ ነበር በመጨረሻ ነገሩ በ1896 አድዋ ላይ በደም ተጣርቷል።

ስለ ጥብቅነትም ከሆነ ከአገራችን ወጥተን አስተማሪ መፈለግ የለብንም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ቤት ሲያደርጉት ከየአገሩ የመጡት ደቀ መዛሙርት መጻፍ ብቻ ሳይሆን መታዘዝንና ሰዓት መጠበቅን ተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። የዚያ ገዳም አለቃ በቤተ መንግሥት የነበረው ማዕርግ «ዐቃቤ ሰዓት» ነው። የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው! ጊዜው ሳይደርስ አታስገባም፣ ጊዜው ካለፈም አታስገባም የሚል ሰው በነገሥታት ደጅ ቆሞ ነበር ማለት ነው። የሞተር ክፍሉን አለቃ በአማርኛ ስም ለመጥራት ቢቸግረን ከዚህ የተሻለ ስም አናገኝም።

ወደ አቤቱታው እንመለስ። የፈረሙት ጓደኞቻችን «ቍጣ ትምህርት አይደለም» ይላሉ። እውነት ብለዋል። ብዙ ጊዜ የምናየው ካቦ በተለማማጁ ላይ የሚጮኸውና ከቢሮ ስልክ ሲደወልለት ግን ፍሬኑ ያልተሠራውን መኪና አሳልፎ የሚሰጠው ነው። እሱን ጥብቅ አንለውም፤ ክፉ ብቻ ነው። በአይሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ላይ ያለውን ልማድ ተመልከቱ። በረራ ከመጀመሩ በፊት መኰንኑም ተራው መርከበኛም ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው የመርከቧን ወለል ከዳር እስከ ዳር ዐንገታቸውን ደፍተው ይሄዱበታል፤ አንዲት ሮንዴላ፣ አንዲት የሽቦ ቍራጭ እንኳ ብትገኝ ትለቀማለች፤ ምክንያቱም ሞተሩ ከሳባት ያጠፋዋል። መሣሪያ የጐደለበት ሣጥን ካለም መሣሪያው እስኪገኝ ያ ሣጥን የተከፈተበት አይሮፕላን አይነሣም። ሕጉ ሹሙንም ያጐነብሳል። እንግዲህ ያ የተወቀሰው ካቦ ባለ 13 ቁልፏ ስትጠፋ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር ወይስ ከተማሪዎቹ ጋር ከመኪናው ሥር ገብቶ ይፈልግ ነበር? የአቤቱታው ወረቀት ራሱ መልሱን ይሰጠናል፤ «እሱም ሳይቀር እስከ ምሽት ቈይቶ» ይላል። ቁልፏስ የት ተገኘች? በሞተሩ ላይ፣ ከማራገቢያው አጠገብ። ይህንንም ወረቀቱ ይናገራል፤ እንደ ተራ ነገር አድርጎ በአንድ መስመር አልፎታል እንጂ።

ብሎኑን ሳያጠብቅ «ጠብቋል» ብሎ ስለ ጻፈው ጓደኛችን ብዙ አንልም። ዕቃ ማጠቡ አንድ ሳምንት ነበር፤ አልቋል። ነገር ግን ውጤቱን የሚሰጠው መምህር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ብሎን በማን ይታወቅ ነበር? መምህራችን የሚያየው ሪፖርቱን ነው፤ ሪፖርቱ ደግሞ «ጠብቋል» ይል ነበር።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ከአቤቱታው ይለያል። የካቦው ነጥብ አይነሣ፤ ነገር ግን አንድ መዝገብ ይከፈት። ካቦው «አትነሣም» ወይም «አላለፍክም» ባለ ቍጥር ምክንያቱን፣ ቀኑንና የተበላሸውን ክፍል በገዛ እጁ ይጻፍበት፤ ተማሪውም አንብቦ ከጐኑ የሚለው ካለው ይጻፍ። የቢሮ ሹም የካቦውን «እምቢ» የሻረ እንደ ሆነ እሱም ስሙን አስፍሮ ይፈርም። ከዚያ በኋላ ማን በከንቱ እንደ ተቈጣ፣ ማንስ በከንቱ እንደ ፈረመ ከመዝገቡ ይነበባል። ይህን አሳብ ለሚቀጥለው የተማሪዎች ጉባኤ በጽሑፍ አቅርበናል፤ መዝገቡን የሚገዛ ገንዘብ የለም ከተባለ ከእኛ ከሐይቅና ከአምባሰል ልጆች ኪስ ይወጣል።