ጦርነት መንግሥትን ይሠራልን?

ስለ መንግሥት አመሠራረት በሚመረምሩ ሊቃውንት ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀስ አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም አሜሪካዊው ቻርልስ ቲሊ በ1975 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፥ የአውሮፓ መንግሥታት አቋም ለጦርነት ከመዘጋጀት የመጣ ነው የሚለው ነው። ይኸን ሐሳብ ወደ ኢትዮጵያ አምጥተው፥ የፈሰሰው ደም ሁሉ ለአገር መጽናት የተከፈለ ዋጋ ነው የሚሉ አልታጡም። ወልድያን፥ መርሳንና ሀብሩን የሚያውቅ ሰው ግን ይኸን ፍርድ ሳይመረምር ሊቀበለው አይገባውም።

እነዚህ ሰዎች አስቀድሞ ቲሊ ያስተማረውን አጥርተው አላነበቡትም። የአውሮፓ ነገሥታት ለጦር ገንዘብ በቸገራቸው ጊዜ፥ ገንዘብ ካለው ሕዝብ ጋር መደራደር፥ ግብሩንም በመዝገብ መጻፍ፥ በልዋጩም መብት መስጠት ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ መንግሥትን ያቆመው መዝገቡና ድርድሩ ነው እንጂ ውጊያው ብቻውን አይደለም። ደግሞም ቲሊ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይኸንኑ ሥራ ከተደራጀ ወንጀል ጋር አስተያይቶታል፤ ይኸም ምስጋና አይባልም።

በኢትዮጵያ የሆነው ከዚህ ይለያል። ሪቻርድ ኮልክ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ ጦሩ ይኖር የነበረው ከገበሬው ጎተራ ነው። ወታደሩ በገባሩ ቤት ተሰሪ ሆኖ እህሉን ከበላ፥ ገዢው ከገባሩ ጋር የሚደራደርበት ምክንያት ከወዴት ይመጣል? ከየጁ የወጡት ራሶች እስከ 1845 ዓ.ም. የአይሻል ጦርነት ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም ለብዙ ዘመን ገዙ፤ ውጊያውም አልተቋረጠም፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ውጊያ የጸና መንግሥት አልተወለደም። ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ደመወዝ እየተቀበለ ባላገሩን እንዳይዘርፍ አሰቡ፤ ገቢው ግን አልበቃም፥ ዘረፋውም ተመለሰ። በወሎ ላይ የተደጋገመው ዘመቻ አገሩን አላረጋላቸውም፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ከዚያ ታላቅ ሠራዊት አብሯቸው የቀረው ጥቂቱ ነበረ።

ነገሩም ያለፈ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በወልድያ የቃና ዘገሊላን በዓል በሚያከብረው ሕዝብ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ቢያንስ 7 ሰዎች እንደ ሞቱ አስታወቀ፤ ሁከቱም ወደ ቆቦና ወደ መርሳ ተዛመተ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ወልድያን ይዘው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆዩ፤ የአገሩ ልጆች የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው ግን በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ መካከል ሌላ ጦርነት ተነሣ። ጦርነት ብቻውን መንግሥትን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ፥ ይህ አገር ከዓለም ሁሉ የጸና መንግሥት ባገኘ ነበር።

የስሕተቱ ሥር ከአቈጣጠሩ ላይ ነው። ተመራማሪው ድል ያደረገውን ይጽፋል፤ የተቃጠለውን ክምር፥ የታረደውን የእርሻ በሬ፥ ተዘግቶ የቀረውን ትምህርት ቤት ግን ከሒሳቡ ያወጣል። መንግሥትን የሚያጸናው ሕዝብ የሚያምነው ዳኛ፥ ልኩ የታወቀ ግብር፥ ደመወዙን ከመዝገብ የሚቀበልና የገበሬ ደጅ የማይደፍር ወታደር ነው። እነዚህም በሰላም ጊዜ የሚሠሩ፥ በጦርነት ጊዜ የሚፈርሱ ናቸው።

ስለዚህ ደምን ዋጋ ብሎ የሚጠራ ሊቅ ቢኖር፥ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ፥ በተከፈለውም ዋጋ ለሀብሩ ገበሬ ምን እንደ ተገዛለት አስቀድሞ ያስረዳ።