ሶንግ ጂያኦረን ባይገደል ኖሮ?

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1913 ምሽት ሶንግ ጂያኦረን በሻንግሃይ ባቡር ጣቢያ በጥይት ተመታ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው 30 ዓመት ነበር። ፓርቲው ኩኦሚንታንግ በምርጫው ከሁሉ የላቀ መቀመጫ በማግኘቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሚሆን በሰፊው ይጠበቅ ነበር። «እርሱ ቢኖር ቻይና የፓርላማ ሥርዓት በተከለች ነበር» የሚለው ግምት ከዚህ ይመነጫል።

በእኔ አስተያየት ይህ ግምት መሪውን ብቻ ይለውጣል፤ ሥልጣን የቆመበትን መሠረት አይመረምርም። የሶንግ ሞት ፓርቲውን ዋና አደራጁን እንዳሳጣው አይካድም። ሆኖም እርሱ ቢተርፍም የቤይያንግ ጦር ታማኝነቱ ለጊዜያዊው ፕሬዚዳንት ለዩዋን ሺካይ ነበር፤ የመንግሥቱ ግምጃ ቤትም ተራቁቶ ነበር። ዩዋን በኤፕሪል ወር ከአምስት አገሮች ባንኮች ጋር የ25 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ያለ ምክር ቤቱ ይሁንታ ተዋዋለ። በጁላይ የተነሣውን የደቡብ ዐመፅ በጦር ደመሰሰ፤ በጃንዋሪ 1914 ደግሞ ፓርላማውን በተነ።

ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ «ማን ይመራ ነበር?» ሳይሆን «ብድሩን ማን ይቆጣጠር ነበር?» የሚለው ነው። ምክር ቤቱ ብድሩን ማገድ ቢችል ኖሮ ዩዋን ለድርድር ይገደድ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህ ግን በአንድ ሰው መትረፍ ብቻ የሚወሰን አልነበረም፤ አበዳሪዎቹ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ለመዋዋል ዝግጁ ነበሩና።

በአማራጭ ታሪክ ላይ የምንሠራ ተመራማሪዎች አንድን ሰው ወደ ሕይወት ስንመልስ፣ በስፍራው ሳይለወጥ የቀረውን ሁሉ መቍጠር ይገባናል። ያለዚያ ሥራችን ትንታኔ መሆኑ ቀርቶ ምኞት ይሆናል።